ገደሉን ወጡ፤ መድፎቹ ግን እዚያ አልነበሩም። ከንቱ ነበር?

የፒያሳው መምህር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ አካባቢ ታሪክ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪዬ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። ሳልመልስላት ደወል ተደወለ። ጥያቄው ግን እቤት ድረስ ተከተለኝ። እዚህ ላምጣውና አብረን እንነጋገርበት።

የዕለቱ ትምህርት ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነበር። ስለ ፖዋንት ዱ ኦክ እየነገርኳቸው ነበር። ሰሜን ፈረንሳይ፣ ኖርማንዲ ውስጥ ያለ የድንጋይ ገደል ነው። መሬቱ ሾሎ ወደ ባሕሩ ይገባል። ከታች ጠባብ የጠጠር ዳርቻ አለ፤ ከላይ ደግሞ ሜዳ። በመካከሉ 30 ሜትር ገደማ የሚሆን ቀጥ ያለ ገደል። ከልጆቹ አብዛኞቹ ባሕር አይተው አያውቁም። ቁመቱን በምን ላስረዳቸው ብዬ አሰብኩና «የስድስት ኪሎውን የካቲት 12 ሐውልት አስቡ» አልኳቸው። በዓይን ሲታይ ከዚያ ገደል ብዙ የሚያንስ አይመስለኝም። «እሱን በእርጥብ ገመድ፣ ከላይ እየተተኮሰባችሁ ውጡ» ስላቸው ክፍሉ ጸጥ አለ።

ታሪኩን ለማያውቅ ላስረዳ። ጀርመኖች እዚያ አፋፍ ላይ 6 መድፎች ተክለው ነበር። 155 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ ከፈረንሳይ ጦር የማረኳቸው። ጫፉ የሚገኘው አሜሪካኖች ሊያርፉባቸው ባሰቧቸው በሁለቱ ዳርቻዎች፣ በዩታና በኦማሃ መካከል ነው። መድፎቹ ሁለቱንም መምታት ይችላሉ። ስለዚህ ግንቦት 29 ቀን 1936 ዓ.ም. ጠዋት፣ በፈረንጆቹ ጁን 6 ቀን 1944፣ የአሜሪካ 2ኛው ሬንጀር ሻለቃ 225 ገደማ ወታደሮች ከባሕር ተነስተው ገደሉን እንዲወጡ ታዘዙ። ሬንጀር ማለት ለአስቸጋሪ ግዳጅ የተለየ ሥልጠና የወሰደ ወታደር ነው። አዛዣቸው ሌተና ኮሎኔል ጄምስ ረደር ይባላል። ዕድሜው 34 ነበር። ከጦርነቱ በፊት አስተማሪ ነበር። (ይሄን ሳነብ የሆነ ነገር ተሰማኝ።)

መንጠቆ የታሰረባቸውን ገመዶች በሮኬት ወደ ላይ ተኮሱ። ብዙዎቹ ገመዶች በባሕሩ ውሃ ርሰው ስለከበዱ አፋፉ ላይ ሳይደርሱ ወደቁ። የቀሩት ግን ያዙ። ጀርመኖች ከላይ ገመድ ይቆርጣሉ፣ የእጅ ቦምብ ይጥላሉ። ሰዎቹ ግን ወጡ። ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አብዛኞቹ አፋፉ ላይ ነበሩ።

ከዚያ ወደ መድፎቹ ምሽግ ሮጡ። መድፍ የለም። በመድፍ ፋንታ ግንድ ተጋድሞ አገኙ።

እዚህ ላይ ነው ልጅቷ እጇን ያወጣችው። «ቲቸር፣ ታዲያ በከንቱ ነዋ የሞቱት?»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱላት ነበር?

የስድስት ኪሎ ልጅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡41

እኔ ልጅቷ ልክ ናት ባይ ነኝ። መረጃው ስህተት ከነበረ የሰው ሕይወት ያለ አግባብ ጠፍቷል ማለት ነው። ጀግንነታቸውን አልክድም። ግን ጀግንነት የአዛዦችን ስህተት መሸፈኛ ሲሆን ያመኛል። ለተማሪዎችህ ይህንንም ንገራቸው።

የፒያሳው መምህር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡58

ወንድሜ፣ ታሪኩን ቆርጬ ስላቆምኩት ነው። ለነሱም እዚያ ላይ ነው ያቆምኩባቸው፤ ደወሉ ስለተደወለ።

መድፎቹ ከአካባቢው አልጠፉም። በሚያዝያ ወር አሜሪካኖች ቦታውን ከአየር ሲደበድቡት ጀርመኖች የተረፉትን መድፎች ወደ ኋላ ጎትተው ደብቀዋቸው ነበር። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ሌነርድ ሎሜልና ጃክ ኩን የተባሉ ሁለት ሬንጀሮች የጋሪ ዱካ የሚመስል ነገር ተከትለው በአጥርና በአጥር መካከል ባለች ጠባብ መንገድ ገቡ። ከአፋፉ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው፣ በአፕል ዛፎች ሥር 5 መድፎች አገኙ። አፈሙዛቸው ወደ ዩታ ዞሯል። ጥይቱ ተደርድሯል። አጠገባቸው ሰው የለም። ተኳሾቹ ትንሽ ራቅ ብለው ተሰብስበው ነበር።

ሎሜል ጎኑ ላይ ቆስሏል። ሁለቱ ቴርማይት የሚባል፣ ብረት አቅልጦ የሚያጣብቅ ቦምብ ነበራቸው። ድምፁ እንደ ተራ ቦምብ አይደለም። እሱን የመድፎቹ ማዞሪያ ላይ አስቀመጡት። ሲያልቅባቸው ተመልሰው ከጓደኞቻቸው ለምነው አመጡና ጨረሱ። አንድም ጥይት ሳይተኩሱ 5ቱን መድፍ ከጥቅም ውጭ አደረጉ።

ጡረተኛው ሻምበል
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

መምህር፣ ጥያቄውን ስላመጣኸው አመሰግናለሁ። እኔ እግረኛ ጦር ውስጥ ነው ያገለገልኩት። የሰሜኑን ተራራ በእግሬ አውቀዋለሁ። አፋፍ ላይ የተቀመጠ ጠላትን ከሥር ሆኖ መግጠም ምን ማለት እንደሆነ በወረቀት አይነገርም። እግርህ ድንጋይ ይፈልጋል፣ እጅህ ድንጋይ ይፈልጋል፣ መሣሪያህን የሚይዝልህ የለም። ያን ሰዓት ወታደር አይደለህም፤ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለ ዒላማ ነህ።

ለተማሪህ ሁለት ነገር ንገርልኝ።

አንደኛ፣ ግዳጁ መድፍ ማጥፋት ብቻ አልነበረም። ከአፋፉ ጀርባ ከግራንካን ወደ ቪዬርቪል የሚወስድ አውራ ጎዳና አለ። ጀርመን ወደ ኦማሃ ረዳት ጦር ላኪ ቢሆን በዚያ ነው የሚያልፈው። ሬንጀሮቹ ያንን መንገድ ዘግተው መያዝ ነበረባቸው። ያዙትም። ሌሊቱን ደጋግሞ መልሶ ማጥቃት መጣባቸው። ጥይት አለቀባቸው፣ የጀርመን መሣሪያ አንስተው መተኮስ ጀመሩ። ወገን የደረሰላቸው ጁን 8 ነው። ከ225ቱ ውስጥ ያን ጊዜ መሣሪያ ይዞ መቆም የሚችለው 90 ገደማ ነበር። ረደር ራሱ ሁለት ጊዜ ቆስሎ ነበር፤ ግን ቦታውን አልለቀቀም።

ሁለተኛ፣ የስድስት ኪሎው ልጅ ስለ አዛዦች ስህተት ያለው እውነት አለበት። አልቆጣም። ስህተቱ ግን አንድ አይደለም። ጀልባዎቹን የሚመራው ሰው በጭጋጉና በማዕበሉ ምክንያት ሌላ ጫፍ፣ ፖዋንት ደ ላ ፔርሴ የሚባለውን፣ ትክክለኛው መስሎት ወደዚያ ወሰዳቸው። ረደር ነው ያወቀው። አስመለሳቸው። ነገር ግን ለመመለስ በጀርመን ተኩስ ሥር የባሕሩን ዳር ተከትለው መቅዘፍ ነበረባቸው። ከጠዋቱ 12፡30 መድረስ ሲገባቸው 1፡10 ላይ ደረሱ። 40 ደቂቃ። ባሕር ላይ የሚጠብቅ ከ500 በላይ ተጠባባቂ ሬንጀር ነበር። እስከ 1 ሰዓት ምልክት ካልመጣ ወደ ኦማሃ እንዲሄድ ታዟል። ምልክቱ ዘገየ። ሄደ።

ስለዚህ ገደሉ ላይ ያሉት ብቻቸውን ቀሩ። ያ የስህተቱ ዋጋ ነው። ግን ደግሞ እነዚያ 500ዎቹ ኦማሃ ሲያርፉ ዳርቻው ላይ ተደፍቶ ለቀረው ጦር ትልቅ ጉልበት ሆኑት። ኦማሃ የተሰበረው በነሱም ጭምር ነው። አንዱ ዘንድ የጎደለው ሌላው ዘንድ ሞላ። ጦርነት ውስጥ ይህን አይቻለሁ። ሒሳቡን ማንም ቁጭ ብሎ መሥራት አይችልም።

የቃኘው ልጅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡52

ሻምበል፣ እግዜር ይስጥልኝ። የርስዎን ጽሑፍ ሳነብ አባቴ ትዝ አለኝ። ቃኘው ሻለቃ ነበር፤ ኮሪያ ዘምቷል። ጦሩ በ1943 ዓ.ም. ሄዶ ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር ነው የተዋጋው። 121 ሰው ወድቋል፤ አንድም ሰው አልተማረከም። አባቴ ስለ ውጊያው ብዙ አያወራም ነበር። የሚያወራው ስለ ኮረብታ ነው። «ኮረብታውን ዛሬ ትይዘዋለህ፤ ነገ ትለቀዋለህ፤ ከነገ ወዲያ ያው ኮረብታ ላይ ነህ» ይል ነበር። ከንቱ ነበር ወይ ብዬ ጠይቄው አላውቅም። መጠየቅ ነበረብኝ።

ፓሪስ ያለሁት
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡10

እንደምን አደራችሁ። ያደግኩት አራት ኪሎ ነው። አሁን ፈረንሳይ ነው የምኖረው። ቦታውን በዓይኔ ስላየሁት ልንገራችሁ።

ከፓሪስ በባቡር ባዩ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሄድን። ከዚያ በመኪና። መንገዱ ሁሉ የእርሻ ማሳ፣ ላም፣ የአፕል ዛፍ ነው። ምንም ነገር የተደረገበት አይመስልም። ከመኪና ማቆሚያው ትንሽ እንደተራመዳችሁ ግን መሬቱ ይለወጣል። ጉድጓድ። ሌላ ጉድጓድ። ከዚያ ሌላ። ሣር ስለለበሱ ከሩቅ ለስላሳ ይመስላሉ። ወደ ውስጥ ስትወርዱ ግን አንዳንዱ ከሰው ቁመት ያልፋል። የቦምብና የመርከብ መድፍ የቆፈረው ነው። ቴክሳስ የምትባለው ትልቅ የጦር መርከብ ሳትቀር ደብድባዋለች። ከ80 ዓመት በኋላም አልሞሉትም። ሆን ብለው ነው ያልሞሉት።

የኮንክሪት ምሽጎቹ አንዳንዶቹ ሙሉ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ተገልብጠዋል። ግድግዳው ውፍረቱ የሚያስደነግጥ ነው፤ እሱን ቦምብ እንደ ዳቦ ቆርሶታል። ብረቱ ወጥቶ ይታያል። ጣሪያው ዝቅ ያለ ክፍል ውስጥ ገባሁ። ሽታው የእርጥብ ድንጋይ ነው። ጫፉ ላይ የጀርመን ምልከታ ምሽግ አለ፤ በጠባቡ ክፍተት ሲታይ ባሕሩ ከዳር እስከ ዳር ወለል ብሏል። ያን ጠዋት ከዚያ ቀዳዳ የተመለከተው ጀርመናዊ ባሕሩን የሞላውን መርከብ ሲያይ ምን ተሰማው ይሆን ብዬ አሰብኩ።

ሐውልቱ ያለው እዚያው ምሽግ አናት ላይ ነው። ጩቤ የመሰለ ረጅም የግራናይት ድንጋይ፣ በቃ። ፈረንሳዮች ያቆሙት ነው። ቦታው ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚጠበቀው በአሜሪካ የጦር መታሰቢያዎች ኮሚሽን ነው። ፕሬዚዳንት ሬገን በ1984፣ ፕሬዚዳንት ባይደን ደግሞ በ2024 መጥተው ንግግር ያደረጉት እዚሁ ገደል ላይ ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ንግግሩም ሐውልቱም አይደለም። አንድ ትንሽ ልጅ ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ መውጣት አቅቶት አባቱን ሲጣራ ሰማሁ። አባትየው እጁን ዘርግቶ ጎተተው። ያ ቦታ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ማየት ከምንም በላይ ነካኝ።

መምህር፣ ስሙን በትክክል ስለጻፍከው ደስ ብሎኛል። የአሜሪካ ጦር ሰነዶች ላይ የመጨረሻዋን ፊደል ተሳስተው «ፖይንት ዱ ሆ» ተብሎ የተጻፈበት ብዙ ቦታ አለ። ፈረንሳዮቹ «ኦክ» ነው የሚሉት።

ቃላት ወዳጅ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 5፡05

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። መምህር «መሬቱ ሾሎ ወደ ባሕሩ ይገባል» ብለህ በብዙ ቃል ነው የገለጽከው። እንዲህ ያለውን መሬት በአንድ ቃል የምንጠራበት ያስፈልገናል። ባሕረ ገብ መሬት ሰፊ ነው፤ አይሆንም። ዐረቦች «ራስ» ይሉታል። ቀይ ባሕር ላይ ራስ ዱሜራ አለ፤ ኤርትራና ጅቡቲ በ2008 እ.ኤ.አ. የተታኮሱበት። እሱም ድንጋያማ ጫፍ ነው። የኛም ራስ ያው ጭንቅላት ነው፤ ማዕረግም ነው። እኔ ግን «አፍንጫ» ብንለው ደስ ይለኛል። ገደሉ ከፊት ላይ እንደ ወጣ አፍንጫ ነው። አዲስ አበባ ላይ አፍንጮ በር እያለን ቃሉ እንግዳ አይሆንብንም።

ጡረተኛው ሻምበል
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 5፡20

እኛ «የገደሉ አፍ» ነበር የምንለው። አፍንጫም ያስኬዳል።

አርክቴክቷ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡30

ፓሪስ ያለሽው እህቴ፣ «ሆን ብለው አልሞሉትም» ያልሽው ቃል ቀኑን ሙሉ አብሮኝ ዋለ። ሙያዬ ሕንፃ ስለሆነ ይሆናል። ጉድጓድን እንዳለ መተው ውሳኔ ነው። ሣሩን ማጨድ አለብህ፣ መንገድ ማበጀት አለብህ፣ ሰው እንዳይወድቅ አጥር ማድረግ አለብህ። ግን አትነካውም። ይህ ከመገንባት የሚከብድ ሥራ ነው።

እኛ ዘንድ የዚህ ምሳሌ ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ አለ። ብዙ ሰው በአጠገቡ ያልፋል እንጂ አያየውም። የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ አሁን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ያለበት ሕንፃ ነው። ጣሊያን ከተማችንን ሲይዝ መቀመጫው አደረገው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስግዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚያ ነው። ከሕንፃው ፊት የትም የማያደርስ ደረጃ ቆሟል። ፋሺስቶች ናቸው የሠሩት፤ ሙሶሎኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለየዓመቱ አንድ ደረጃ። ከነጻነት በኋላ ማፍረስ ይቻል ነበር። አላፈረሱትም። አናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ አስቀመጡበት።

ለኔ ከከተማችን መታሰቢያዎች ሁሉ ትልቁ ይኼ ነው። ጠላት የሠራው ራሱ ይመሰክራል፤ ያሸነፈው ማን እንደሆነ ደግሞ አንበሳው ይናገራል።

የስድስት ኪሎ ልጅ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡10

አርክቴክቷ፣ እኔ እዚያ ግቢ አራት ዓመት ተምሬያለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ደረጃው ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። እላዩ ላይ ተቀምጬ ኖት አንብቤበታለሁ! ማንም አልነገረኝም። እንዳለ መተው ጥሩ ነው። ግን ዝም ብሎ የተተወ ነገር ዝም ይላል። ከግቢው ውጭ ያለው ሐውልት ግን ማንበብ ለማይችል ሰው እንኳ ይናገራል፤ ዙሪያውን በነሐስ የተቀረጸው ግፍ ይታያል። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። እሱን አይታ ነው ያለቀሰችው። ደረጃውን አይታ አላለቀሰችም።

ሻምበልንም አነበብኳቸው። ስለ መንገዱ አላውቅም ነበር። «በከንቱ» ያልኩትን አንስቻለሁ። «በስህተት የከበደ» ብል ይሻላል።

አርክቴክቷ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡35

ስለ አያትህ ያልከው ልቤን ነካው። ልክ ነህ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ፒያሳ ላይ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ጦርነቱ ከተደረገበት ቦታ በጣም ሩቅ ነው። ግን ሰው ይገባበታል፣ ልጆች ይማሩበታል። እኔ የምጨነቀው እውነተኛው መሬት ላይ ስንደርስ አስተካክለን፣ ለጥፈን፣ ቀለም ቀብተን እንዳናጠፋው ነው። ጽሑፍ ይለጠፍ። ጉድጓዱ ግን ይቆይ።

የድንጋይ ሰው
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡20

ጉድጓዱ ይቆይ ትላላችሁ፤ ገደሉስ? ሥራዬ ከአለት ጋር ስለሆነ ይህን ላንሳው።

ፖዋንት ዱ ኦክ የኖራ ድንጋይ ነው። እንደኛ ደጋ ባዛልት አይደለም። ከሥሩ ደግሞ ለስላሳ፣ ጭቃነት ያለው ድንጋይ አለ። ማዕበሉ ከሥር ይቦረቡረዋል። ዝናቡ ከላይ በስንጥቁ ይገባል። ከሥር ባዶ ሲሆን የላዩ ድንጋይ በራሱ ክብደት ተሰንጥቆ ይወድቃል። አንድ ቀን በአንድ ጊዜ ትልቅ ቁራጭ ይሄዳል። የምልከታው ምሽግ ጫፉ ላይ ስለሆነ አደጋ ላይ ወደቀና ለጎብኚ ተዘግቶ ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. ትልቅ የማጠናከር ሥራ ተሠራለት። ማዕበሉ የቦረቦረውን ዋሻ በኮንክሪት ሞሉት፣ ከላይ ወደ ጥልቁ ቀጫጭን የብረት ምሰሶ አስገቡ፣ እንቅስቃሴ የሚለካ መሣሪያ ተከሉ። ከዚያ ምሽጉ እንደገና ተከፈተ።

ጥናቱን ካገዙት አንዱ የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ነው። ይህ የገረመኝ ምክንያት አለ። ያ ገደሉን የወጣው ረደር ከጦርነቱ በኋላ የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆኖ ነው እስከሞተበት እስከ 1970 የሠራው። እሱ የወጣበትን ገደል የእሱ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እንዳይወድቅ ሄደው መረመሩት።

ባሕሩ ግን አይቆምም። የተሠራው ጊዜ ይገዛል እንጂ ለዘላለም አያቆየውም። እኔ ግን ጊዜ መግዛቱን እደግፋለሁ። የዛሬ ሃምሳ ዓመት የሚወለደው ልጅም ያ ጉድጓድ ውስጥ ይውረድ።

ፓሪስ ያለሁት
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡44

አፋፉ ላይ አጥር አለ፤ «አትለፉ» የሚል። ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። እኔ ለሰው ደኅንነት ብቻ መስሎኝ ነበር።

ጡረተኛው ሻምበል
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡15

የድንጋይ ሰው ስለ ባዛልት ስላነሳህ፣ እኛም ገደል የወጡ ሰዎች እንዳሉን ልጆቹ ይወቁ። ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. አምባላጌ ላይ የጣሊያኑ ማጆር ቶዜሊ ከላይ ሆኖ ይጠብቅ ነበር። የፊታውራሪ ገበየሁ ሰዎች ናቸው ቀድመው የተነሱት። የራስ መኮንን ጦር ተከተለ። ከሥር ወደ ላይ ነው የወጡት። ቶዜሊም እዚያው ወደቀ። ፊታውራሪ ገበየሁ በሦስተኛው ወር ዓድዋ ላይ ወደቁ። አምባላጌ ራሱ በ1933 ዓ.ም. እንደገና የጦር ሜዳ ሆነ፤ የአኦስታው መስፍን እጁን የሰጠው እዚያ ነው። አንድ ተራራ፣ ሁለት ጊዜ።

የፒያሳ ተማሪዎች በየቀኑ የራስ መኮንንን ድልድይ ይሻገራሉ። ስሙ የማን እንደሆነ ንገራቸው።

ሌላ ደግሞ አንድ ሐሳብ ልጨምር። ሎሜልና ኩን መድፎቹ ምሽጉ ውስጥ ሲጠፉ «የመድፉ ግዳጅ አበቃ» ብለው መቀመጥ ይችሉ ነበር። ማንም አይወቅሳቸውም። ገደሉን ወጥተው ምሽጉን ይዘዋል። ግን ፍለጋ ሄዱ። ሲደክምህ፣ ሲቆስልህ፣ ጓደኛህ ከጎንህ ሲወድቅ «የታለ?» ብሎ ወደፊት መሄድ ከገደሉ ይከብዳል። እኔ ይህንን ከገደሉ በላይ አከብራለሁ።

የፒያሳው መምህር
ዓርብ፣ ከቀኑ 10፡40

ዛሬ ተማሪዎቼን ይዤ ወጣሁ። ፈቃድ ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል፤ ተሳካ። ከፒያሳ በእግር ተነሳን። ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ቆመን የሻምበልን ነገርኳቸው። ከዚያ አራት ኪሎ፣ ድል ሐውልቱን አለፍንና ሽቅብ ወደ ስድስት ኪሎ። ዝናብ ጠብ ጠብ ይል ነበር።

የካቲት 12 ሐውልት ሥር ስንደርስ ቀና ብለው እንዲያዩ አደረግኳቸው። «ገመዱ እዚያ ጫፍ ላይ ነው» አልኩ። እንደ ወትሮው ቀልድ አልነበረም፤ ሁሉም ዝም ብለው አዩ። አንድ ልጅ እጁን ድንጋዩ ላይ አድርጎ «ቀዝቃዛ ነው» አለ። የነሐሱን ቅርጽ እየዞሩ ተመለከቱ። የስድስት ኪሎው ልጅ ስለ አያቱ የጻፈውን አነበብኩላቸው።

ከዚያ ግቢ ገባን። ደረጃውን አሳየኋቸው። ምን እንደሆነ አስቀድሜ አልነገርኳቸውም። «ለምን የትም አይደርስም?» አሉ። እዚያ ላይ ነው ማስረዳት የጀመርኩት። አንበሳውን ሲያዩ ሁለት ልጆች አጨበጨቡ።

መጨረሻ ላይ ጥያቄውን ላነሳችው ተማሪዬ መለስኩላት። የመንገዱን፣ የአፕል ዛፎቹን፣ የ500ዎቹን፣ ሁሉንም ነገርኳት። በደንብ ሰማችኝ። ከዚያ ምን አለች መሰላችሁ? «እሺ ቲቸር፣ መድፎቹን ባያገኟቸውስ ኖሮ? ያኔም ከንቱ አይሆንም ነበር?»

አሁንም አልመለስኩላትም። ሻምበል፣ ይህን የሚመልስ ካለ እርስዎ ነዎት።

ጡረተኛው ሻምበል
ዓርብ፣ ከምሽቱ 12፡50

በጽሑፍ አልመልሰውም። ልጅቷን ፊት ለፊት ላግኛት። ሐሙስ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ከተመቻችሁ ወደ ትምህርት ቤታችሁ እመጣለሁ።

ቤት ውስጥ 20 ሜትር ገመድ አለኝ፤ የድሮ ወፍራም ገመድ። ይዤ እመጣለሁ። መጀመሪያ ደረቁን ያንሱት። ከዚያ ውሃ ውስጥ እንነክረውና እንደገና ያንሱት። ትልቅ ባልዲ አዘጋጁልኝ።

የፒያሳው መምህር
ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡05

ባልዲው አለ፣ ሻምበል። ሐሙስ 4 ሰዓት በር ላይ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ።